ዛንዚባር በስፌድ ላይ

ዶሮዬ መጀመሪያ የዋጠችው ሁለተኛውን ሆቴላችንን ነበር። ቀጥላ ዓሣ አጥማጆቹ ያሉበትን መንደር ለቀመች። «እሽ!» ብዬ ስነሣ ደግሞ ነዳጅ የምንቀዳበትን ከተማ በአፏ እንደያዘች በአጥሩ ሥር ሾለከች። የልጅ ልጄ ስልኳን ጭኗ ላይ ጥላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«እማማ፣ እንግዲህ የት ልናድር ነው?»

«ዶሮዋ ሆድ ውስጥ» አልኳት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልጅ ልጄ እዚሁ ጎንደር ነርስ ናት። ካገባች ሁለት ዓመት አልፏታል፤ ግን እሷ ፈቃድ ስታገኝ ባሏ ሥራ ላይ፣ ባሏ ሲያርፍ እሷ ተረኛ እየሆኑ ጫጉላቸውን ሳይወጡ ቀሩ። ዘንድሮ የሁለቱም ፈቃድ ገጠመ። ዛንዚባር ወደምትባል ደሴት ሄደው፣ ማኪና ተከራይተው፣ በስምንት ቀን ዙሪያዋን ሊዞሯት ተማከሩ። ይህን ሊነግሩኝ የመጡ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ስመርቃቸው፣ ልጅቱ ምርቃቴን አቋርጣ «አንቺም ትሄጃለሽ እኮ» አለችኝ።

«ምነው፣ ለጫጉላ አያቷን የምታስከትል ሙሽራ የት አገር ታየ?»

«ባሕር አሳይሻለሁ ብዬሽ አልነበር?»

ብላኝ ነበር። ያኔ ሰባት ዓመቷ ነው። ክረምት ክረምት እኔ ጋ ትከርም ነበር፤ እሷ ደብተሯን ዘርግታ ስታነብ እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ፈትል እየፈተልኩ ፊደሉን ለቀም ለቀም አደርግ ነበር። ይህንንም የምጽፈው በዚያው በለቃቀምኩት ነው። አንድ ቀን ከመጽሐፏ ላይ የባሕር ሥዕል አሳየችኝ። ማዶው የት አለ ብላት «ማዶ የለውም» አለችኝ። እኔ ጣናን አይቻለሁ፤ ጣና ማዶ አለው፤ ባይታይ እንኳ ታንኳው ሄዶ የሚደርስበት አለ። ማዶ የሌለው ውኃ እንዴት ያለ ነው? ነገሩ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከሆዴ አልወጣም። ላሊበላን በእግሬ አይቻለሁ፤ ግሸንንም፤ አክሱም ጽዮንን ሦስት ጊዜ ተሳልሜያለሁ። እግሬ ማረፍ አያውቅም፤ ጎረቤቶቼ በሬ ተዘግቶ ሲያገኙት «ደግሞ የማን ንግሥ ነው?» ይላሉ። ባሕር ግን በእግር የሚደረስ አልሆነልኝም።

እናም እሺ አልኩ። እሺ ካልኩ ደግሞ መንገዱ መቆጠር አለበት።

በእኛ ጊዜ መንገድ ሳይቆጠር አይወጣም ነበር። አክሱም ልንሄድ ስንነሣ እናቴ ሳምንት ሲቀረን ታስቀምጠንና ስፌድ ላይ ሽምብራ ታኖራለች። ይቺ ወንዙ፤ ይቺ ዋርካው፤ ይቺ ውኃ የምታጠጣው ሴትዮ ቤት፤ ከዚህ እስከዚህ ጥላ የለም። እየተቀባበልን እንወጣዋለን። አንዱ ቢሳሳት ከመነሻው ይጀመራል። መሪው ቢታመም፣ ጭጋግ ቢወርድ፣ ማንም ሰው መንገዱን ከነኩርባው በሆዱ ይዞ እንዲሄድ ነው።

እንግዲህ ስፌዴን አወጣሁ። ልጅቱ ስልኳን እያየች ትጠራለች፣ እኔ ሽምብራ አስቀምጣለሁ።

«እዚህ የመጀመሪያው ቀን እናድራለን።»

«ማን ቤት?»

«ሆቴል ነዋ፣ እማማ።»

«እሱማ ገባኝ። ውኃውስ የት ነው?»

«በየሆቴሉ አለ።»

«መንገድ ላይ ማኪናው ቢቆም የማንን ስም እንጥራ?»

«የአከራዩን።»

«አከራይ ዘመድ ሲሆን አላየሁም» አልኳት፤ ባሏ ከት ብሎ ሳቀ። እሱ ሸጋ ልጅ ነው፤ እኔን «እርስዎ» ሳይል አይናገርም፤ ሲስቅ ግን አፉን በእጁ መሸፈን ይረሳል።

ቀኑንም ቆረጥን። ጥምቀትን ጥዬ የትም አልሄድም፤ ነነዌም ከገባ ጾም ነው፤ በሁለቱ መሐል ያለችውን ወሽመጥ መረጥን። ይህንኑ ስንጨርስ ነው ዶሮዋ የመጣችው። ሽምብራው ሲያልቅ ከማድጋው ሥር ካለችው ቆርቆሮ ቅርንፉድ አወጣሁና በእሱ እንደገና ደረደርኩት። ዶሮዋ ተመልሳ መጣች፤ አንዱን ነካ አደረገችና አንገቷን ነቅንቃ ሄደች። ልጅቱ ያን ጊዜ ነው «እማማ፣ ቅርንፉዱ እኮ ከዚያ ነው የሚመጣው፤ ዛፉን እናያለን» ያለችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሻይ ውስጥ ስጨምረው፣ ጥርሴን ሲያመኝ ስነክሰው፣ ዛፍ ይኑረው ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ሁሉም ሸጋ ነበር፤ ልጄ እስኪሰማ ድረስ።

ልጄ የልጅቱ አባት ነው፤ እኔም ያለኝ እሱ ብቻ ነው። መሥሪያ ቤት ይውላል፤ ከዚያ ሲወጣ በአሮጌ ማኪናው እኔ ጋ ብቅ ይላል። በሩ ላይ ቆሞ ስፌዱን አየ፣ እኔን አየ፣ ልጁን አየ።

«በማኪና?» አለ።

«በማኪና» አለችው።

«እማዬን? እማዬ እንኳን ደሴት ልትዞር፣ ከፒያሳ አዘዞ በታክሲ ስትሄድ ሁለቴ ነው የምትወርደው!»

ውሸት አይደለም። እኔ ይህን ሁሉ አገር በእግሬ የዞርኩት ጽድቁን ብቻ ፈልጌ አይደለም፤ ማኪና ስለማይስማማኝም ነው። ገና ሞተሩ ሲነሣ አፌ ምራቅ ይሞላል። ልጄ ያገባ ዕለት ከሙሽሮቹ ማኪና አስገቡኝ፤ እምቢ ብል ወግ አይደለም ብዬ ገባሁ። ከዚያ የሆነውን የአንደኛው ሚዜ ሱፍ ያውቀዋል። የሠርጉ ፊልም ላይ ሚዜው ከዚያ በኋላ በሸሚዝ ነው የሚታየው።

«የሚዜውን ነገር አሁን ምን አመጣው?» አልኩት።

«እኔ አላነሣሁም፤ አንቺ ነሽ ያነሣሽው» አለና አጠገቤ ቁጭ አለ። ድምፁም ለዘብ አለ። «እማዬ፣ እዚያ ታመሽ ብትወድቂ እኔ በምን እደርስልሻለሁ? እዚህ ብትታመሚ ሮጬ እመጣለሁ። እዚያ በምን እመጣለሁ?»

ልጅቱ ልትናገር ስትል በዓይኔ አስቆምኳት። እሱው መላ አመጣ። መንገዱ ክፍት በሆነ ቅዳሜ አዲ አርቃይ ያለችውን የአማቹን አክስት ልንጠይቅ እንሄዳለን። ሊማሊሞን በማኪና ወርጄ ካልታመምኩ እሱ ራሱ አዘዞ አውሮፕላን ጣቢያ ድረስ ያደርሰኛል። ከታመምኩ ግን የደሴቲቱ ነገር በዚያው ይቀራል፤ እነሱ ይሄዳሉ፣ እኔ ፎቶ አያለሁ።

«ሊማሊሞ! አባዬ፣ እሱን እኮ ጤነኛ ሰውም ያመዋል» አለች ልጅቱ።

«እሺ» አልኩ እኔ።

ጠዋት ተነሣን። ሎሚ ይዣለሁ፤ ቁርስ አልቀመስኩም፤ የልጅ ልጄ አራት ፌስታል በቦርሳዋ ይዛለች። ልጄ ይነዳል፤ አማቹ ከፊት፤ እኔና እሷ ከኋላ። ከከተማው ወጥተን ወገራ ስንገባ ሜዳው በሙሉ ቢጫ ነው፤ ገብሱ ታጭዷል፣ አውድማው ላይ በሬዎች ይዞራሉ። ይህን ሁሉ የነገሩኝ እነሱ ናቸው። እኔ የማየው የፊቱን ወንበር ጀርባ ብቻ ነበር። ማኪናው ወደ ቀኝ ሲል ሆዴ በግራ ይቀራል። አምባ ጊዮርጊስ ሳንደርስ የመጀመሪያው ፌስታል ሥራ ጀመረ።

ልጄ ማኪናውን ዳር አስያዘ። ወርጄ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ገበያተኛው አህያውን እየነዳ ያልፋል፤ ነጭ ሽንኩርት በጆንያ የጫነ አንድ ሽማግሌ ቆም ብሎ «ምነው እናቴ፣ ምን ሆኑ?» አለኝ።

«ባሕር ላይ እየሄድኩ ነው፣ አያ።»

ሰውዬው ወደ ልጄ ዞሮ «ጠበል ውሰዷቸው» አለና ሄደ።

እነሱ ሳቁ፤ እኔ ግን ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር። ልጅቱ በሰባት ዓመቷ የገባችልኝ ቃል በአንድ ፌስታል ሊፈርስ ነው። ልጄም አይቶኛል መሰል «ይቅር፣ እማዬ፤ እንመለስ። ምንም አይደለም» አለ። ክፉ ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

ያን ጊዜ ያ ሸጋ አማቹ ጎንበስ ብሎ «ጋሼ፣ እማማ ፊት ይቀመጡ። ቢያንስ ነፋሱን ያገኙታል» አለ።

ልጄ ተነፈሰ። «እስከ ደባርቅ። ደባርቅ ሳንደርስ ካመማት እዞራለሁ።»

ፊት ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ዓይኔን ጨፍኜ ሎሚዬን አሸተትኩ። ዳባት ካለፍን በኋላ ግን ገለጥ ባደርገው መንገዱ ሙሉ ለሙሉ ፊቴ ላይ ተዘርግቷል። ይህንን መንገድ አውቀዋለሁ! እዚህ ጋ እናቴ ጫማዋን አውልቃ እሾህ ነቅላለች፤ እዚያ ጋ ጠላ የሰጡን ሰዎች ነበሩ። «አሁን ቁልቁል ነው፤ ከዚያ ድልድይ» አልኩ፤ ለማንም ሳይሆን ለራሴ። ቁልቁል ሆነ፤ ድልድይ መጣ። ወገቤ ከማኪናው ቀድሞ ያዘነብል ጀመር።

ደባርቅ ደረስን። ልጄ አልዞረም፤ ቀጥ ብሎ ወደ ገደሉ ነዳ።

ሊማሊሞን የማታውቁት ካላችሁ፣ ከደጋው ጫፍ ወደ ቆላው የሚወርድ ገደል ነው፤ መንገዱ በገደሉ ላይ እንደተጣለ ገመድ ይጠማዘዛል። እኛ በእግር ስንሄድ እንዳለ አንከተለውም፤ በአቋራጭ እንወርድና መንገዱን እናቋርጠዋለን፤ እንደገና እንወርድና እናቋርጠዋለን። ስለዚህ እያንዳንዷን ኩርባ ከላይም ከታችም አይቻታለሁ።

«ከዚህ ቀጥሎስ?» አለ ልጄ መሪውን እንደያዘ። ሊፈትነኝ ነው።

«ወደ ግራ። ቀጥሎ ውኃ የሚንጠባጠብበት ቋጥኝ አለ፤ በቀስታ ሂድ።»

ወደ ግራ ሆነ፤ ቋጥኙም ውኃው እየወረደበት ቆሞ አገኘነው። ከዚያ በኋላ ያለማቋረጥ ጠራሁለት። ቀኝ፤ ጠባብ ነው፤ አሁን ሰፋ ይላል፤ ዝንጀሮ አይጠፋም። ዝንጀሮም አልጠፋም። ከኋላ ልጅቱ ታጨበጭባለች። አንድ ቦታ ብቻ «ወደ ቀኝ» ስል ማኪናው ወደ ግራ ዞረ። ለካ መንገዱን ሲያድሱት ያችን ኩርባ ቆርጠው ሌላ አድርገዋታል። ያንኑ ቅጽበት ሆዴ ተገለበጠ። ሎሚዬን ነከስኩና ቀጣዩን ስጠራ ተመለሰልኝ።

«እማማ!» አለች ልጅቱ ከኋላ ትከሻዬን ይዛ። «ገባሽ? ማኪናው አይደለም የሚያምሽ። መንገዱን ሳታውቂው ስትቀሪ ነው የሚያምሽ!»

እኔም እንዲያ ሳስበው፣ በእግሬ ስሄድ ከፊቴ ምን እንዳለ ሳላውቅ የሄድኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

አዲ አርቃይ ስንገባ ሙቀቱ ተቀበለን። አክስትየዋ ፓፓያ ቆርጣ አቀረበች፤ እኔ ቀኑን ሙሉ ያልበላሁትን በላሁ። በማግሥቱ ስንመለስ አማቹ ልንዳ አለና ልጄ ከኋላ ተቀመጠ። አቀበቱን ስንጀምር ከኋላ ብዙ ወሬ ነበር፤ ቋጥኙ ጋ ስንደርስ ወሬው ቀነሰ፤ ከዚያ ጨርሶ ጠፋ።

«እማዬ» አለ በመጨረሻ፣ በቀጭን ድምፅ። «ያ ሎሚ የት አለ?»

እኔ አልሳቅኩም። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ነው የሳቅኩት። ሁለተኛውን ፌስታል የተጠቀመበት ማን እንደሆነ እዚህ አልጽፍም፤ መሥሪያ ቤት የሚውል ሰው ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖም አላመነም። ቤቴ ካስገባኝ በኋላ «ቃሌ ቃል ነው፤ አልታመምሽም» አለ። «ግን ሊማሊሞን ታውቂዋለሽ፣ እማዬ። ደሴቲቱን አታውቂያትም። እዚያ ማን ይነግርሻል?»

እውነቱን ነው። ሌሊቱን አደርኩበትና ጠዋት ልጅቱን አስጠራኋት። «ደሴቲቱን ከነኩርባዋ አምጪልኝ» አልኳት።

አመጣችልኝ። አንድ ሰው ማኪናው ላይ ካሜራ ሰክቶ ዙሪያዋን የነዳውን ፊልም ስልኳ ላይ አገኘች። የመጀመሪያ ቀን በርጩማዬ ላይ ቁጭ ብዬ ሳየው፣ ሳልንቀሳቀስ፣ በገዛ ቤቴ፣ ላስመልስ ደረስኩ። ሁለተኛው ቀን ግማሹን አየሁ። በሳምንቱ ከፊልሙ ቀድሜ መጥራት ጀመርኩ። ከከተማው ስንወጣ ማንጎ ዛፎች መንገዱን ከላይ ይገጥሙታል፤ ቀጥሎ ጀልባ የሚጠርቡበት ቀኝ መታጠፊያ፤ ቀጥሎ ልብስ የተሰጣበት ግንብ። ልብሱ እስካሁን ተሰጥቶ ይሆን ብዬ አስባለሁ። አሸዋው ነጭ ነው፤ ዱቄት የተደፋ ነው የሚመስለው። ባሕሩ ሁልጊዜ በግራ እጄ ነው። ለእያንዳንዷ ቦታ ስፌዱ ላይ አንድ ቅርንፉድ አኖርኩላት።

አንድ ማታ ራት ላይ ሳለን ልጅቱ ደንገጥ ብላ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«እማማ፣ እኔ ሆቴሎቹን የያዝኩት በሌላ በኩል ነው። መጀመሪያ ወደ ደቡብ ነው የምንሄደው። ባሕሩ በቀኝ ነው የሚሆነው!»

«እኔ በዚያ በኩል አልቆጠርኩም።»

«ያው መንገድ እኮ ነው፤ ግልብጡ።»

«ውዳሴ ማርያምን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው በይልኝ እስኪ» አልኳት።

ባሏ አፉን ሳይሸፍን ሳቀ። ሁለት ቀን ሙሉ እየደወሉ፣ እየጻፉ፣ ሆቴሎቹን ሁሉ ገለበጧቸው። አንደኛው ሆቴል ለምን ብሎ ጠየቀ አሉ። «አያታችን መንገዱን በዚያ በኩል ነው የሚያውቁት» ብሎ መለሰ አማቻችን። ሰዎቹ ከዚህ በፊት መጥቼ የማውቅ መስሏቸው «እንኳን ደህና ተመለሱ በሉልን» ብለዋል።

ለጥምቀት ጥቂት ሲቀረው፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ልጄ መጣ። እኔ ግቢ ውስጥ ፀሐይ እየሞቅሁ ነበር፤ ስፌዱ ፊቴ ነው። ስልኩን ከልጁ ተቀበለና ፊልሙን ከፍቶ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀመጠ።

«በይ» አለኝ።

ዓይኔን ጨፍኜ ጀመርኩ። ከማንጎዎቹ ተነሣሁ፤ ጀልባ ጠራቢዎቹን አለፍኩ፤ ወደ ሰሜን ጫፍ ወጥቼ በምሥራቅ ዳር ወረድኩ፤ የቅርንፉዱ ዛፍ የሚታይበትን፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበትን፣ ቀያይ ዝንጀሮዎች ያሉበትን ጫካ ሳይቀር ጠራሁ። ልጄ አንዴ ብቻ አስቆመኝ።

«እዚህ ጋ ‹ውኃ እንጠጣለን› አልሽ። ምንም ውኃ የለም እዚህ፤ ደረቅ መንገድ ነው።»

ዓይኔን ገለጥኩ። አፈርኩ። እንዲያው ያንን ያህል ተሂዶ ውኃ የሌለበት መንገድ አልታሰበኝ ብሎ ነው፤ ከራሴ ጨምሬያለሁ።

«እንግዲያው ይዘን እንሄዳለን» አልኩ።

«ከዚህ ሌላ አልተሳሳትሽም» አለ ዞሮ። ለረጅም ጊዜ ስፌዱን አየው። «አውሮፕላኑስ? እሱን በምን ቆጠርሽው?»

«አባዬ፣ ሰማይ ላይ ኩርባ የለም» አለች ልጅቱ።

እሱ ግን አልሰማትም። ጣቱን በቅርንፉዶቹ ላይ ቀስ እያደረገ ዙሪያውን አስኬደውና የስፌዱ ጠርዝ ላይ ቆመ።

«ባሕሩስ የትኛው ነው?»

«ከስፌዱ ውጪ ያለው ሁሉ» አልኩት።

ቀና ብሎ ግቢውን አየ። ዶሮዋ በባሕሩ መሐል እየጫረች ትሄድ ነበር። ልጄ ሳቀ፤ ከልጅነቱ በኋላ እንዲያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

«አውሮፕላኑ በስንት ሰዓት ነው የሚነሣው?» አላት ልጁን። ነገረችው። ከዚያ ወደ እኔ ዘንበል አለ።

«እስከ አዘዞ ስንት ኩርባ አለ?»

«አንተ ንዳ» አልኩት፤ «እኔ እጠራልሃለሁ።»